«በቃኝ» ለማለት የዘገየው ሯጭ፦ ኃይሌ ገብረሥላሴ ክብረ ወሰኖቹን በተነጠቀ ማግስት

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 22 ቀን 1997፣ ብራሰልስ፣ ቤልጅየም።

በዚያ ምሽት በአንድ ስታዲየም ውስጥ ሁለት ኬንያውያን ሁለት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበሩ። ዳንኤል ኮመን 5,000 ሜትርን በ12:39.74፣ ፖል ቴርጋት ደግሞ 10,000 ሜትርን በ26:27.85 ጨረሱ። ሁለቱም ክብረ ወሰኖች እስከዚያ ምሽት ድረስ የአንድ ሰው ነበሩ፤ የኃይሌ ገብረሥላሴ። የ5,000ውን ዙሪክ ላይ ካስመዘገበ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነበር። የ10,000ውን ኦስሎ ላይ ካስመዘገበ ደግሞ ልክ ሰባት ሳምንቱ። በዚያው ወር መጀመሪያ አቴንስ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮንነቱን ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ አስከብሮ ነበር።

የኦሎምፒክ ወርቅ አለው። ሦስት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አለው። ዕድሜው 24 ነው። በአንድ ምሽት ግን በዓለም ላይ ከሁሉ ፈጣን መባሉ ቀረ። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ያገኘውን ይዞ ማረፍ ይችላል፤ የሚወቅሰውም አይኖርም። የኃይሌ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚህ ዓይነቱ ምሽት ማግስት ነው። ሜዳሊያዎቹን አገር ሁሉ ያውቃቸዋል። ብዙም የማይነገርለት ነገር በተሸነፈ ቁጥር ያደረገው ነው።

ከአሰላ እስከ ሽቱትጋርት

ኃይሌ በኤፕሪል 1973 አርሲ፣ አሰላ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አሥር ልጆች ባሉበት ቤት ነው ያደገው። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር ሄዶ መመለሱ በየቀኑ ሃያ ኪሎ ሜትር ነበር። በግራ ክንዱ ደብተሩን አቅፎ የሮጠበት ዘመን ምልክቱን ትቶበታል፤ ዓለምን ባስደነቀባቸው ዓመታት ሁሉ የግራ ክንዱ እጥፍ ብሎ ወደ ሰውነቱ የሚጠጋው መጽሐፍ የያዘ ይመስል ነበር።

በ1980 ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ ኃይሌ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ድሉን በራዲዮ ሰማ። ከዚያ በኋላ ግን ኢትዮጵያ ከኦሎምፒክ መድረክ ጠፋች። በ1976 ሞንትሪያል ከአፍሪካ አገሮች ጋር አድማ መትታ የቀረችው ኢትዮጵያ፣ በ1984 ሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ደግሞ ሴኡል ላይ አልተገኘችም። በእነዚያ ዓመታት በላይነህ ዲንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ኦሎምፒክ ግን አልነበረም። ስንት ሯጭ ምርጥ ዘመኑን በፖለቲካ ውሳኔ እንደተበላ መገመት ይቻላል። ኃይሌ ዕድለኛ ነበር። እሱ ለአቅመ ውድድር ሲደርስ በሩ ተከፈተ።

ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሞክሮ ከሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈጅቶበት ነበር። ይህን ቁጥር አንባቢ ለጊዜው በአእምሮው ያስቀምጠው።

በ1992 ሴኡል ላይ በተካሄደው የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ሽቱትጋርት ላይ በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ ከኬንያዊው ሞሰስ ታኑይ ኋላ ተጠግቶ ሲሮጥ ተረከዙን ረገጠው። ታኑይ ጫማው ወለቀ፤ በንዴት አሽቀንጥሮ ጥሎት በአንድ እግር ጫማ ፈረጠጠ። ኃይሌ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ደርሶ ቀደመው። ወርቁ የኃይሌ ሆነ፤ ተመልካቹ ግን በጭብጨባ አልተቀበለውም። በዚያው ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር በኢስማኤል ኪሩይ ተቀድሞ ብር አገኘ። ስለዚህ የመጀመሪያው ትልቅ ድሉ ጥያቄ የተነሳበት ድል ነበር። አወዛጋቢውን ድል ከሰው አእምሮ የሚያጠፋው ክርክር ሳይሆን ሰዓት እንደሆነ ቀጣዮቹ ዓመታት አሳዩ።

የተነጠቀውን የማስመለስ ልማድ

ከ1994 እስከ 1998 ያሉት ዓመታት በረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ ተወዳዳሪ የላቸውም። ጁን 1994 ላይ ሄንግሎ በምትባል የኔዘርላንድ ከተማ ኃይሌ 5,000 ሜትርን በ12:56.96 ሮጠ። የሞሮኮው ሰይድ አዊታ ለሰባት ዓመት ይዞት የነበረውን 12:58.39 በ1.43 ሰከንድ አሻሻለ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ከተማ፣ 10,000 ሜትርን በ26:43.53 ጨረሰና የኬንያዊውን ዊልያም ሲጌይን 26:52.23 ሰበረ። ሁለቱም ክብረ ወሰኖች እጁ ገቡ።

የቆዩት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሞሰስ ኪፕታኑይ ሮም ላይ የ5,000ውን በ12:55.30 ወሰደበት።

ኃይሌ መልስ የሰጠው ከሁለት ወር በኋላ ዙሪክ ላይ ነበር፤ 12:44.39። ቁጥሩን ለለመደ ሰው ይህ ልዩነት ስህተት ይመስላል። የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን በሰከንድና በሰከንድ ክፍልፋይ የሚሻሻል ነገር ነው። እሱ በአንድ ሩጫ 10.91 ሰከንድ ቆረጠለት። ርቀቱ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው፤ እያንዳንዷን 400 ሜትር በአማካይ በ61 ሰከንድ አካባቢ እየሮጡ አሥራ ሁለት ጊዜ ተኩል መድገም ማለት ነው።

በ1996 ደግሞ ሞሮኳዊው ሳላህ ሂሱ ብራሰልስ ላይ የ10,000ውን በ26:38.08 ወሰደ። ኃይሌ በቀጣዩ ጁላይ ኦስሎ ላይ በ26:31.32 አስመለሰ። በኦገስት ዙሪክ ላይ የ5,000ውን የራሱን ክብረ ወሰን ወደ 12:41.86 አወረደው። ከዚያ ያ የብራሰልስ ምሽት መጣ፤ ኮመንና ቴርጋት ሁለቱንም ወሰዱ።

ከዚያ ምሽት በኋላ የነበረው ክረምት የኃይሌን ባሕርይ ከሁሉ በላይ የሚያሳይ ነው። 5,000 እና 10,000 የሚሮጥ ሰው ፍጥነት ሲጎድለው የተለመደው መልስ ኪሎ ሜትር መጨመር ነው። ኃይሌ ወደ አጭሩ ርቀት ወረደ። በ1998 መጀመሪያ ላይ በቤት ውስጥ ውድድሮች 3,000 ሜትርን በ7:26.15 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከቀናት በኋላ በ1,500 ሜትር 3:31.76 ገባ። የመካከለኛ ርቀት ሯጮችን በራሳቸው ሜዳ የሚፈትን ሰዓት ነበር። በ1999 ማኤባሺ፣ ጃፓን ላይ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና የ3,000 ብቻ ሳይሆን የ1,500 ሜትር ወርቅም ወሰደ። የ10,000 ሜትር ሻምፒዮን የ1,500 ሻምፒዮን መሆኑ ዛሬም ለማመን ይከብዳል።

የዚያ ክረምት ፍሬ በጁን 1998 ተለቀመ። ጁን 1 ሄንግሎ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:22.75። ጁን 13 ሄልሲንኪ ላይ 5,000 ሜትርን በ12:39.36። በአሥራ ሁለት ቀናት ውስጥ ሁለቱም ተመለሱ።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት አንድ ነገር ያስተምራል። በ1995 የ5,000ውን ሲያስመልስ የቆረጠው 10.91 ሰከንድ ነበር። በ1997 የራሱን ያሻሻለው በ2.53 ሰከንድ። በ1998 ኮመንን የበለጠው በ0.38 ሰከንድ ብቻ። ጣሪያው በቀረበ ቁጥር እያንዳንዷ የሰከንድ ቅንጣት የምትጠይቀው ላብ እየበዛ ይሄዳል። ብዙ ሰው መሻሻልን የሚወደው ገና ሲጀምር፣ ትንሽ ጥረት ትልቅ ውጤት በምታስገኝበት ጊዜ ነው። ለአንዲት ሰላሳ ስምንት መቶኛ ሰከንድ ሙሉ ክረምት መልፋት የሚችለው ግን ጥቂት ነው።

ሥራው የማን ነበር?

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሠራው ማለት ታሪክን ማዛባት ነው። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ዶ/ር ወልደመስቀል ኮስትሬ ነበሩ፤ በጥብቅ ዲሲፕሊናቸው የሚታወቁ፣ የእንጦጦን ዳገት የሯጮች መፈተኛ ያደረጉ ሰው። ከጎኑ ደግሞ ሆላንዳዊው ማናጀር ዮስ ኸርመንስ ነበር። ኸርመንስ ራሱ ሯጭ የነበረ፣ በ1976 በአንድ ሰዓት ውስጥ 20,944 ሜትር ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው። ክብረ ወሰን እንዴት እንደሚታቀድ፣ አሯሯጭ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ነፋስ በሌለበት ምሽት እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቃል።

አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ምሩፅ የአየር ኃይል ሰው። የኃይሌ ትውልድ ግን ሩጫን ራሱን ሙያው አድርጎ የኖረ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። በሽቱትጋርት ለአሸናፊዎች የተሰጠው መርሴዲስ መኪና የአዲሱ ዘመን ምልክት ነበር። ገንዘብ መጣ፤ ከገንዘቡ ጋር ዓመቱን ሙሉ የሚፎካከር ገበያ መጣ። ኬንያውያኑ ደግሞ እንቅልፍ አልሰጡትም። ኪፕታኑይ፣ ኮመንና ቴርጋት ባይኖሩ ኃይሌ ምናልባት 12:44 ላይ ይቆም ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት የሚሆነው ትልቁ ውለታ አንዳንዴ እንዳያርፍ ማድረግ ነው።

ገበያና ባላንጣ ግን ለብዙዎች ነበሩ። ለሁሉም የሮጠው ሰዓት አንድ አልሆነም። ልዩነቱን ያመጣው ሽንፈትን እንደ መረጃ የመቁጠር ልማዱ ነው። ማን ቀደመኝ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ዙር፣ በምን ጉድለት ብሎ ይጠይቅ ነበር። መልሱ ፍጥነት ከሆነ ወደ 1,500 ሜትር ወረደ። መልሱ የሩጫ ምት ከሆነ «ስካትማን» የተባለው ዘፈን በስታዲየም ድምፅ ማጉያ እንዲለቀቅ እስከ መጠየቅ ደረሰ፤ የዘፈኑ ምት ከእርምጃው ጋር ይገጥም ነበርና።

ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ

በአትላንታ 1996 ኃይሌ ቴርጋትን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። መሙ ጠንካራ ስለነበር እግሩ ውሃ ቋጥሮ በ5,000 ሜትር ሳይወዳደር ቀረ። በ1999 ሴቪያ ላይ አራተኛውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አገኘ።

ሲድኒ 2000 ሲደርስ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር፤ መወዳደሩ ራሱ አጠራጣሪ ሆኖ ቆይቷል። የፍጻሜው ዕለት ቴርጋት ከሩቅ ጀምሮ በሙሉ ኃይሉ ተፈተለከ። በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ወርቁ የቴርጋት ይመስል ነበር። ኃይሌ ደረሰበት፤ ጎን ለጎን ሆኑ፤ መስመሩ ላይ ደረታቸው እኩል የገባ መሰለ። ውጤቱ ሲወጣ ኃይሌ 27:18.20፣ ቴርጋት 27:18.29። በዚያው ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ወንዶች ፍጻሜ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 0.12 ሰከንድ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር የሮጡት ሁለት ሰዎች መቶ ሜትር ከሮጡት ይልቅ ተቀራርበው ገቡ።

ያቺን ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ከየት አመጣት? የ1998ቱን ክረምት ያስታወሰ ሰው መልሱን አያጣውም። ለክብረ ወሰን ብሎ ያጠራቀመው የ1,500 ሜትር ፍጥነት ለሌላ ቀን ስንቅ ሆነው።

ከሲድኒ በኋላ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና አደረገ። በ2001 ኤድመንተን ላይ ሦስተኛ ወጣ። ከ1993 ወዲህ በዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር።

ቀነኒሳ መጣ

የሚቀጥለው ባላንጣ ከኬንያ አልመጣም። ከዚያው ከአርሲ፣ ከቦቆጂ መጣ። ቀነኒሳ በቀለ ከኃይሌ በዘጠኝ ዓመት ያንሳል፤ ኃይሌን እያየ ያደገ ልጅ ነው።

በ2003 ፓሪስ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ኃይሌ ውድድሩን እየመራ አፈጠነው። የውድድሩ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ማለትም የመጨረሻው 5,000 ሜትር፣ ከ13 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተሮጠ። ከአሥር ዓመት በፊት በ5,000 ሜትር ብቻውን ከ13 ደቂቃ በታች መሮጥ የዓለምን ክብረ ወሰን ያህል ነገር ነበር። ኃይሌ መለኪያውን እዚያ ድረስ ከፍ አድርጎት ነበር፤ በዚያው መለኪያ ተሸነፈ። ቀነኒሳ 26:49.57፣ ኃይሌ 26:50.77፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ። ሦስቱም ኢትዮጵያውያን።

በ2004 ሜይ መጨረሻ ቀነኒሳ 5,000 ሜትርን በ12:37.35 ሮጠ። ቦታው ሄንግሎ ነበር፤ የኃይሌ ሄንግሎ። ከስምንት ቀን በኋላ ኦስትራቫ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:20.31 ጨረሰ። ስድስት ዓመት የቆዩት ሁለት ክብረ ወሰኖች ከዘጠኝ ቀን ባነሰ ጊዜ ሄዱ። የኃይሌ ዕድሜ 31 ነው፤ ተረከዙ እንደገና ታሟል።

ከዚያ አቴንስ። ያን ውድድር ያየ ኢትዮጵያዊ አይረሳውም። ቀነኒሳና ስለሺ እየመሩ ወደ ኋላ ይመለከታሉ፤ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ኃይሌ እንዲደርስባቸው ይጠብቃሉ። ኃይሌ አልደረሰም። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ነሐስ። ኃይሌ አምስተኛ።

ያ ትዕይንት በአክብሮት የተሞላ ስንብት ነበር። ታናናሾቹ ታላቃቸውን በክብር ሸኙት። አገሩም በልቡ ሸኝቶት ነበር።

እንደገና ከታች

በአማርኛ «ብቃት» እና «በቃኝ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። አንድ ሰው በቃ ሲባል ደረሰ፣ ቻለ ማለት ነው፤ በቃው ሲባል ደግሞ ጠገበ፣ ይቁም ማለት ነው። ቋንቋው ብቃትንና ማረፍን አጎራብቷቸዋል። በባህላችንም በቃኝ ማለትን የሚያውቅ ሰው ይከበራል። ኃይሌ ከሁለቱ አንደኛውን ብቻ የያዘ ሰው ይመስላል።

ማራቶን ለእሱ ቀላል አልነበረም። በ2002 ለንደን ላይ በ2:06:35 ሦስተኛ ሲወጣ፣ የቀደሙት ኻሊድ ኻኑቺና ያው ቴርጋት ነበሩ። ቴርጋት በ2003 በርሊን ላይ 2:04:55 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። ኃይሌ ከአቴንስ በኋላ ወደ ጎዳና ሩጫ ሲዞር የሚጠብቀው የድሮው ባላንጣው ሰዓት ነበር።

በ2005 አምስተርዳም ላይ 2:06:20። በ2006 በርሊን ላይ 2:05:56። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነበር አካሄዱ፤ መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። በ2006 ለንደን ላይ ዘጠነኛ ወጣ። በኤፕሪል 2007 እዚያው ለንደን ላይ አቋርጦ ወጣ። 34 ዓመቱ ነው፤ ማራቶን ላይ አቋርጧል፤ በመም ላይ ቦታው ተወስዷል። ከዚህ በላይ «በቃኝ» የሚያሰኝ ነገር ከየት ይመጣል?

ከሁለት ወር በኋላ፣ ጁን 2007፣ ኦስትራቫ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 21,285 ሜትር ሮጠ። የሜክሲኮው አርቱሮ ባሪዮስ ለ16 ዓመት ይዞት የነበረውን 21,101 ሜትር ሰበረ። ማናጀሩ በወጣትነቱ የያዘውን ክብረ ወሰን ሯጩ በ34 ዓመቱ ያዘው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 30፣ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:04:26 ጨረሰ። የቴርጋት ክብረ ወሰን ተሰበረ። ለንደን ላይ ካቋረጠ አምስት ወር ከግማሽ አልሞላም።

በጃንዋሪ 2008 ዱባይ ላይ እንደገና ሞከረ። የመጀመሪያውን ግማሽ ከልኩ በላይ አፍጥኖት ስለነበር መጨረሻው ከበደው፤ 2:04:53 ገባ። በርሊን ላይ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2008፣ ስህተቱን አልደገመም። ሁለቱን ግማሾች በተቀራረበ ፍጥነት ሮጦ 2:03:59 ገባ። በማራቶን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ዕድሜው 35 ነበር።

በአሥራዎቹ ዕድሜው አዲስ አበባ ላይ ከሁለት ሰዓት ከአርባ በላይ የፈጀበት ርቀት ነው።

ዋጋው

ይህ ታሪክ ሁሉ ወርቅ አይደለም። በርሊን ላይ ታሪክ ከመሥራቱ አምስት ሳምንት በፊት የቤጂንግ ኦሎምፒክ ማራቶን ተካሂዶ ነበር። ኃይሌ የከተማዋ የአየር ብክለት አስሙን ያባብስብኛል ብሎ ከማራቶኑ ራሱን አገለለ። በ10,000 ሜትር ሮጦ ስድስተኛ ሆነ። በማራቶኑ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2:06:32 አሸነፈ፤ ፀጋዬ ከበደ ለኢትዮጵያ ነሐስ አመጣ። በርሊን ላይ የገባውን ሰዓት ያየ ሁሉ ጥያቄ አነሳ፦ ለአገር ወርቅ ወይስ ለራስ ሰዓት?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሁለት ገጽ አለው። የአስም ሕመምተኛ የሳንባውን ጉዳይ ሌላ ሰው ሊወስንለት አይችልም፤ ለአገሩ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅና አራት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያመጣን ሰው በአገር ፍቅር መጠርጠርም ነውር ነው። በሌላ በኩል፣ ለሰዓት የሚሮጥ ሰውና ለሜዳሊያ የሚሮጥ ሰው ቀን የሚመርጡት በተለያየ መንገድ ነው። በርሊን ጠፍጣፋ መንገድ፣ ቀዝቃዛ አየርና አሯሯጮች ያሉባት ከተማ ናት። ኦሎምፒክ ይህን አያቀርብም። ራስን የማሻሻል ጥማት ከሕዝብ ፍላጎት ጋር ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም፤ በ2008 መንገዳቸው ተለያየ።

ማቆም አለመቻልም ዋጋ አለው። በኖቬምበር 2010 ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱን ታሞ አቋረጠና ሩጫ ማቆሙን ተናገረ፤ በቀናት ውስጥ ቃሉን አጠፈ። በ2011 ፓትሪክ ማካው የማራቶን ክብረ ወሰኑን በ2:03:38 ሲሰብርበት ቦታው በርሊን ነበር፤ ኃይሌም በዚያው ውድድር ላይ ሮጦ ሳይጨርስ ቀረ። በ2012 ለለንደን ኦሎምፒክ ለመመረጥ በ39 ዓመቱ 10,000 ሜትር ሮጦ ሰባተኛ ወጣ። ያ ውድድር የተካሄደው ሄንግሎ ላይ ነው። በ1994 የተከፈተው በር በዚያው ከተማ ተዘጋ። በመጨረሻ በሜይ 2015 ማንችስተር ላይ፣ በ42 ዓመቱ፣ በቃኝ አለ።

ከሰውዬው ወደ ተቋሙ

ኃይሌ ከሩጫ ጎን ለጎን ሕንፃ ሠርቷል፣ ሆቴሎችን ከፍቷል፣ የመኪና ንግድ ውስጥ ገብቷል። በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አሥር ሺህ ያህል ሰው ይዞ ተነስቶ ዛሬ አዲስ አበባን በዓመት አንድ ቀን ቀለም የሚያለብስ በዓል ሆኗል። ማለዳ ልምምድ፣ ቀጥሎ ቢሮ፤ ለዓመታት የኖረበት ሥርዓት ይህ ነው።

በኖቬምበር 2016 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። የብዙዎች ተስፋ ትልቅ ነበር። በሁለት ዓመቱ፣ በኖቬምበር 2018፣ ከአትሌቶች ተቃውሞ በኋላ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከእሱ በኋላ ደራርቱ ቱሉ ያዘችው፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ ስለሺ ስህን ተመረጠ። አቴንስ ላይ ወደ ኋላ እያየ ኃይሌን የጠበቀው ያው ስለሺ።

የአንድ ሰው መሻሻል በሰዓት ይለካል፤ ሰበብ አይቀበልም። የተቋም መሻሻል ግን ሰዓት የሚይዝለት የለም። ኃይሌ በመሙ ላይ ሽንፈቱን በማግስቱ ያውቀዋል፤ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ነው። ተቋም ሲሸነፍ ግን ሰበቡ ብዙ ነው፤ አሠልጣኙ፣ በጀቱ፣ ምርጫው፣ ዕድሉ። በቢሮ ውስጥ ደወል የሚመታለት የመጨረሻ ዙር የለም። የሩጫው ሰው በፌዴሬሽኑ ወንበር ላይ ያልተሳካለት በስንፍና ነው ማለት ከባድ ነው። መለኪያ በሌለበት ቦታ ጎበዝም ይደክማል።

በወንዶች 5,000 ሜትር ኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው ለመጨረሻ ጊዜ በ2008 በቀነኒሳ ነው። በፓሪስ 2024 ከመላው ቡድን የተገኘው ወርቅ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በተጠባባቂነት ተይዞ በኋላ ወደ ቡድኑ በገባው በታምራት ቶላ ማራቶን፣ በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን። ከፓሪስ በኋላ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ፈለገ። በየትኛው ዙር፣ በምን ጉድለት ተሸነፍን ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር።

በ1997 ከዚያ የብራሰልስ ምሽት በኋላ ኃይሌ ፊት የነበረው ጥያቄም ይኸው ነው። ወቀሳ የሚጥልበት ሰው አልፈለገም። ጉድለቱን ለየ፤ በክረምቱ 1,500 ሜትር ለመሮጥ ወረደ፤ በጁን ተመለሰ። የአትሌቲክሱ መንደር ከኃይሌ ሊወርሰው የሚገባው ነገር ከሜዳሊያዎቹ ይልቅ ያ ክረምት ነው።